ከጥማድ እስከ ባርን፦ የመሬትንና የአቶም አስኳልን ስፋት ስለመቀየር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መሬት የሚለካ ሰው በሄክታር ያወራል፤ የአቶምን አስኳል የሚያጠና ሰው በባርን ያወራል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ስፋት ስለሆነ አንዱን ወደ ሌላው መቀየር ይቻላል። ፊዚክስ ሳስተምር ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣልኛል፤ ከክፍል ውጭም ከቀያሾች ጋር፣ ውጭ አገር ካሉ ዘመዶች ጋር በውጭ አገር ስለሚሠራባቸው የመሬት መለኪያዎች፣ ስለ ኤከርና ዱናም፣ ስናወራ ይነሳል። ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው። ስህተቱን አብዛኛውን ጊዜ የማየው ከማባዛቱ በፊት ነው፤ መለኪያው ምን እንደሚለካ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ካልኩሌተር ሲኬድ። መልሶቹን የጻፍኩት ይህን በልቤ ይዤ ነው።

ባርን ስንት ነው?

አንድ ባርን 10⁻²⁸ ካሬ ሜትር ነው። አንድ ካሬ ሜትርን ከ1 ቀጥሎ 28 ዜሮ ላለው ቁጥር ብታካፍሉት የሚደርሳችሁ አንድ ድርሻ ማለት ነው። በካሬ ቅርጽ ብንስለው ጎኑ 10⁻¹⁴ ሜትር፣ ማለትም 10 ፌምቶሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ባርን 100 ካሬ ፌምቶሜትር ነው። የዩራኒየም አስኳል ከፊት ለፊት ቢታይ የሚሸፍነው ክብ 1.7 ባርን ገደማ ነው። ፕሮቶን ብቻውን 0.02 ባርን ገደማ ይሸፍናል።

ስሙ ከየት መጣ?

በእንግሊዝኛ ባርን የሚባለው ገበሬው ድርቆሹንና ከብቱን የሚያኖርበት ግዙፍ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1942 ሁለት የፊዚክስ ባለሙያዎች፣ ማርሻል ሆሎዌይና ቻርልስ ቤከር፣ በኢንዲያና ግዛት በሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ለአቶም ቦምብ ምርምር የአስኳሎችን ስፋት እየለኩ ነበር። ኢንዲያና የእርሻ አገር ነው። 10⁻²⁴ ካሬ ሴንቲ ሜትር እያሉ ደጋግመው መናገር ስላሰለቻቸው አጭር ስም ፈለጉ። በፊዚክስ ሊቃውንቱ በኦፐንሃይመር ወይም በሃንስ ቤተ ስም ይጠራ የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ነበር። በመጨረሻ የመረጡት ባርንን ነው፤ እንዲህ ያለው ስፋት ለአስኳል ሥራ እንደ እርሻ ቤት ሰፊ ዒላማ ነው በማለት። ከእሱ የሚያንሱ ሁለት መለኪያዎችም በዚሁ መንገድ ተሰይመዋል። ከቤት ውጭ ባለ መጸዳጃ ስም የተጠራው የባርን አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ በዕቃ ማስቀመጫ ዳስ ስም የተጠራው ደግሞ 10⁻²⁴ ባርን ነው። እነዚህ ሁለቱ በሥራ ላይ ብዙም አይታዩም።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ሌላው ወገንም ከዚያው ከእርሻ መምጣቱ ነው። ጥማድ ሁለት በሬ ተጠምዶ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። የእንግሊዞቹ ኤከርም በመነሻው ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነበር። የግብፅና የሱዳን ፈዳንም ስሙ የተገኘው ከተጠመደ ጥንድ በሬ ነው። ሦስት ሕዝብ ሳይመካከር መሬቱን በበሬ ጉልበት ለካ።

የመቀየሪያ ቁጥሮቹን በአንድ ላይ ብታስቀምጥልን?

በመሬት በኩል፦

1 ካሬ ጫማ = 9.29 × 10²⁶ ባርን
1 ካሬ ሜትር = 10²⁸ ባርን
1 ዱናም (1,000 ካሬ ሜትር) = 10³¹ ባርን
1 ጥማድ (ሩብ ሄክታር ከተባለ) = 2.5 × 10³¹ ባርን
1 ኤከር (4,046.86 ካሬ ሜትር) = 4.047 × 10³¹ ባርን
1 ፈዳን (4,200 ካሬ ሜትር ገደማ) = 4.2 × 10³¹ ባርን
1 ሄክታር = 10³² ባርን
1 ጋሻ (40 ሄክታር ከተባለ) = 4 × 10³³ ባርን
1 ካሬ ኪሎ ሜትር = 10³⁴ ባርን

በአስኳል በኩል ደግሞ አንድ ሚሊባርን 10⁻³¹፣ አንድ ማይክሮባርን 10⁻³⁴፣ አንድ ፒኮባርን 10⁻⁴⁰፣ አንድ ፌምቶባርን 10⁻⁴³ ካሬ ሜትር ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የተፈቀደው ከፍተኛ ስፋት 500 ካሬ ሜትር ነበር። 500 ማለት 5 × 10² ነው። በ10²⁸ ስናባዛው ከ10 ራስጌ ያሉትን ትንንሽ ቁጥሮች እንደምራለን፤ 2 እና 28፣ 30። ስለዚህ 5 × 10³⁰ ባርን። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ለአንድ አራሽ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ ይህ ሩብ ጋሻ፣ ወይም 40 ጥማድ፣ ወይም 10³³ ባርን ነው።

ዘመድ በየአገሩ ለተበተነበት ቤተሰብ ደግሞ ይህን ልጨምር። አሜሪካ ሩብ ኤከር ግቢ ያለው ወንድምና እስራኤል አንድ ዱናም የያዘች እኅት ቦታቸው የሚለያየው በ12 ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

10³² ባርን ሲባል ምንም አይታየኝም። እንዴት ላስበው?

አንድ ፍሬ ጤፍ መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡ። ጎኑ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው እንበል። አሁን አንዱ ባርን አድጎ ይህችን ጤፍ አከለ ብላችሁ አስቡ፤ ሄክታሩንም በዚያው ልክ አሳድጉት። ባርኑ ጤፍ ለመሆን በጎኑ 10¹¹ ጊዜ ማደግ አለበት። የሄክታሩ ጎን 100 ሜትር ነበር፤ በዚያው ልክ ሲያድግ 10¹³ ሜትር፣ ማለትም 10 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። ኔፕቱን ፀሐይን የምትዞርበት ክብ ከዳር እስከ ዳር 9 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማሳው ፀሐይን፣ ምድርንና ሌሎቹን ፈለኮች ሁሉ ከነመንገዳቸው ውጦ ትርፍ ይኖረዋል ማለት ነው። ያ ሁሉ ማሳ ጤፍ ተሰጥቶበት፣ አንዷ ፍሬ አንድ ባርን።

ጥማድንና ጋሻን በትክክል መቀየር ይቻላል?

በግምት እንጂ በትክክል አይቻልም። የበሬው ጉልበት፣ የአፈሩ ጥንካሬ፣ የመሬቱ ተዳፋትነት ጥማድን ከአገር አገር ይለያየዋል። መረሬ አፈርን ከዝናብ በኋላ ማረስና ቦዳ መሬት ማረስ እኩል ጊዜ አይፈጅም። ሩብ ሄክታር የሚለው ለሥራ እንዲመች የተያዘ ነው። ጋሻም እንዲሁ፤ በቀድሞው ዘመን እንደ መሬቱ ለምነት ይሰፋና ይጠብብ ነበር፤ 40 ሄክታር ዛሬ በብዛት የሚወሰደው ቁጥር ነው።

የገጠር ማሳ በገመድ ሲለካ ያየ ሰው ይህን አይዘነጋም። ገመዱ ጠዋት በጤዛ ሲርስ ያጥራል፣ ፀሐይ ሲመታው ይረግባል፤ አንደኛው ያዥ ጠበቅ፣ ሌላው ላላ አድርጎ ይይዘዋል። ስለዚህ ለመሬት ጉዳይ ቁጥር የሚያስፈልገው ሰው ከጥማድ አይነሣ። ቶታል ስቴሽን በሚባለው የቀያሾች መሣሪያ ወይም በጥሩ ጂፒኤስ የተለካውን ካሬ ሜትር ይዞ ይጀምር። ለድንበር ጭቅጭቅ ሲሆን ይህ ነገር የዋዛ አይደለም፤ ወንድማማች የሚያቆራርጠው አንዳንዴ የመለኪያ ልዩነት ብቻ ነው።

ሚሊባርን ስቀይር ሁልጊዜ ለምን እሳሳታለሁ?

ምናልባት "ሚሊ" የሚለውን ቅድመ ቅጥያ በራሱ ስለምታባዙት ነው። ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ሚሊው ከሜትሩ ጋር አብሮ በራሱ ይባዛል፤ አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር የካሬ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ እንጂ አንድ ሺኛ አይደለም። ባርን ግን ከመነሻው ስፋት ነው። ሚሊባርን የባርን አንድ ሺኛ ነው፤ በቃ። ከፍ ባለ ኃይል ሁለት ፕሮቶኖች ተጋጭተው የሚበታተኑበት ስፋት 80 ሚሊባርን ገደማ ነው። ትክክለኛው 80 × 10⁻³¹፣ ማለትም 8 × 10⁻³⁰ ካሬ ሜትር ነው። ሚሊውን በራሱ ያባዛ ተማሪ 8 × 10⁻³³ ይጽፍና መልሱ አንድ ሺህ ጊዜ ያንሳል።

ሄክታር እዚህ ላይ የሚሊባርን ዘመድ ነው። "አር" የተባለው መለኪያ 100 ካሬ ሜትር ነው፤ "ሄክቶ" ማለት መቶ ጊዜ ነው። መቶ አር፣ 10,000 ካሬ ሜትር። ሄክቶው በራሱ አልተባዛም። ካሬ ኪሎ ሜትር ግን የሌላው ወገን ነው፤ ኪሎው በራሱ ተባዝቶ አንድ ሚሊዮን ካሬ ሜትር ይሰጣል። ለተማሪዎቼ የምነግራቸው፣ ስሙ ውስጥ "ካሬ" የሚል ቃል ካለ ቅድመ ቅጥያውን በራሱ አባዙት፤ ከሌለ ተዉት።

ባርን እንደ ሄክታር እውነተኛ ስፋት ነው?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይህን እወደዋለሁ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የሚለካው ነገር ግን ይለያል። ሄክታር በእግር የሚዞሩት ነው፤ አራት ማዕዘን አለው፣ ችካል ይተከልበታል። ባርን በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ዕድል ነው። አንድ ኒውትሮን ወደ አንድ አስኳል ቢተኮስ ይያዛል? ይሰነጥቀዋል? ወይስ ያልፋል? ያ ዕድል ከስንት ስፋት ዒላማ ጋር እኩል ነው? የፊዚክስ ሰዎች ይህን ስፋት ክሮስ ሴክሽን ይሉታል። ስለዚህ ቁጥሩ እንደ ኒውትሮኑ ፍጥነት ይቀያየራል። ማንም ሲሮጥ ማሳው ጠብቦ፣ ሲራመድ ሰፍቶ አያውቅም፤ እዚህ ግን እንዲያ ይሆናል።

ዩራኒየም-235ን እንይ። አስኳሉ የሚሸፍነው ክብ 1.7 ባርን ገደማ ነው ብለናል። ዝግተኛ ኒውትሮን ሲመጣበት ግን የመሰንጠቅ ክሮስ ሴክሽኑ 585 ባርን ገደማ ነው። ዝግተኛ ኒውትሮን እንደ ሞገድ ስለሚሠራጭ የሞገዱ ርዝመት ከአስኳሉ ወርድ ከ10,000 ጊዜ በላይ ይረዝማል፤ አስኳሉን የሚነካካው ከሩቅ ሆኖ ነው።

ዜኖን-135 የተባለው ጋዝ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ዝግተኛ ኒውትሮንን የሚውጥበት ክሮስ ሴክሽን 2.65 ሚሊዮን ባርን ገደማ ነው። እዚህ ላይ ባርንን ወደ ካሬ ሜትር መቀየር ዓይን ይከፍታል። 235 ግራም ዩራኒየም-235 ውስጥ 6.022 × 10²³ አስኳል አለ። የሁሉንም የመሰንጠቅ ስፋት ብንደምረው 352 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከግማሽ ኤ4 ወረቀት ትንሽ ይበልጣል። በቁጥር ያንኑ ያህል አስኳል ያለው 135 ግራም ዜኖን ግን 160 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከአንድ ዕፍኝ የማያልፍ ክብደት፣ አንድ የመኖሪያ ቤት ቦታ! አንድ ሄክታር ለመሙላት 67 ቶን ገደማ ንጹሕ ዩራኒየም-235 ሲያስፈልግ፣ ዜኖን-135 ግን 8.5 ኪሎ ገደማ ይበቃል።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1944 በዋሽንግተን ግዛት ሀንፎርድ የተሠራው ትልቅ ሪአክተር ሥራ በጀመረ በሰዓታት ውስጥ ኃይሉ እየወረደ በራሱ ቆመ። ሪአክተሩ ራሱ ያመረተው ዜኖን-135 ኒውትሮኖቹን እየዋጠ ነበር። በ9 ሰዓት ገደማ ውስጥ ግማሹ ወደ ሌላ ስለሚለወጥ፣ ሲቀንስ ሪአክተሩ እንደገና ነቃ። እ.ኤ.አ. በ1986 በደረሰው የቼርኖቢል አደጋ ውስጥም ይኸው ጋዝ ድርሻ ነበረው።

ኢንቨርስ ፌምቶባርን የሚባለውስ? እሱን ወደ ሄክታር መቀየር ይቻላል?

ይቻላል፤ ገበሬ ይህን ዓይነት መለኪያ በየዓመቱ ይጠቀምበታል። "በሄክታር 20 ኩንታል ገባልኝ" ሲል ስፋቱን አካፋይ አድርጎታል። መለኪያውን ወደ ጥማድ ብናሳንሰው ማሳው 4 ጥማድ ይሆናል፤ ምርቱ ግን በጥማድ 5 ኩንታል ይሆናል። ስፋቱ ሲባዛ ምርቱ ይካፈላል። ኢንቨርስ ፌምቶባርንም እንዲሁ ነው፦ በአንድ ፌምቶባርን ስፋት ስንት ጊዜ የመጋጨት ዕድል ተሰጠ የሚል ቁጥር ነው።

በጄኔቫ አጠገብ ያለው ሰርን የተባለው የምርምር ማዕከል ትልቁ የቅንጣት ማጋጫ ከ2015 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዳቸው ለሁለቱ ትልልቅ መሣሪያዎቹ 140 ኢንቨርስ ፌምቶባርን ገደማ ጠቃሚ መረጃ ሰጥቷል። የሂግስ ቅንጣት በማጋጫው ኃይል የሚፈጠርበት ክሮስ ሴክሽን 55 ፒኮባርን፣ ማለትም 55,000 ፌምቶባርን ገደማ ነው። ሁለቱን ስናባዛቸው ስፋቱ ከስፋት ይጣፋና ብዛት ብቻ ይቀራል፦ 7.7 ሚሊዮን ገደማ የሂግስ ቅንጣት። ልክ 3 ሄክታር በሄክታር 20 ኩንታል ሲባዛ 60 ኩንታል እንደሚሆነው።

አንድ ሄክታር 10⁴⁷ ፌምቶባርን ስለሆነ፣ 140 ኢንቨርስ ፌምቶባርን በሄክታር 1.4 × 10⁴⁹ ይሆናል። በተቃራኒው ችግኝ በ2.5 ሜትር ርቀት ብንተክል በሄክታር 1,600 ይገባል፤ ይህ 1.6 × 10⁻⁴⁴ ኢንቨርስ ፌምቶባርን ነው። ከራስጌ ያለው ቁጥር ምልክቱን መቀየሩን አስተውሉ፤ ተማሪ የሚስተው እዚህ ነው።

የአሜሪካ ጫማ ሁለት ዓይነት ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

ነበር። አንደኛው ጫማ በትክክል 0.3048 ሜትር ነው። ሁለተኛው የቀያሾች ጫማ 1200 ለ3937 ሜትር ሲሆን ከመጀመሪያው በሚሊዮን 2 ያህል ይረዝማል። አገሪቱ የቀያሾቹን ጫማ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከሥራ አውጥታዋለች፤ የቆዩ ሰነዶች ላይ ግን አሁንም አለ። በአንድ ኤከር ላይ ልዩነቱ 162 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ለቤት ገዢ ምንም አይደለም፤ በባርን ግን 1.6 × 10²⁶ ነው።

ስንት አኃዝ ልጻፍ? ኤክሴልስ ይችለዋል?

ከለካችሁት በላይ አትጻፉ። ጎኑ 100 ሜትር የሆነ ማሳ በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ሴንቲ ሜትር ብትስቱ፣ ስፋቱ እስከ 2 ካሬ ሜትር ይስታል፤ ይህ 2 × 10²⁸ ባርን ነው። ስለዚህ ከፊት ካሉት አራት አኃዞች በኋላ የሚመጣው ሁሉ ባዶ ጌጥ ነው።

ኤክሴል እስከ 10³⁰⁸ ድረስ ስለሚይዝ ቁጥሩ አይበዛበትም፤ የሚይዘው ግን 15 ያህል አኃዝ ብቻ ነው። 10³² ላይ 1 ብትደምሩ ያው 10³² ይሰጣችኋል። ፕሮግራም የምትጽፉ ደግሞ በ32 ቢት የሚቀመጥ የነጥብ ቁጥርን ተጠንቀቁ፤ ጣሪያው 3.4 × 10³⁸ ስለሆነ ሄክታርን ወደ ፌምቶባርን ስትቀይሩ ይሰበራል። በ64 ቢት ሥሩ።

ባርንና ሄክታር በአንድ ሥራ ላይ የሚገናኙበት ቦታ አለ?

አለ፤ ያውም ማሳ ላይ። ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮች አየሩንና አፈሩን ሲመቱ ፈጣን ኒውትሮኖች ይወጣሉ። እነዚህ ኒውትሮኖች አፈር ውስጥና ከአፈር በላይ ሲንከላወሱ ከሃይድሮጂን ጋር ሲጋጩ ይዘገያሉ። የሃይድሮጂን የመበተን ክሮስ ሴክሽን 20 ባርን ገደማ ነው፤ የኦክስጅን 4፣ የሲሊኮን ደግሞ 2 ገደማ። በዚያ ላይ ሃይድሮጂን ከኒውትሮን ጋር በክብደት እኩል ስለሆነ በአንድ ግጭት በአማካይ ግማሽ ኃይሉን ይወስድበታል። ፈጣን ኒውትሮንን ዝግተኛ ለማድረግ ከሃይድሮጂን ጋር 18 ያህል ግጭት ሲበቃ፣ ከኦክስጅን ጋር 150 ያህል ያስፈልጋል። አፈር ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ደግሞ በአብዛኛው ውኃ ነው። ውኃው ሲበዛ ከመሬት በላይ የሚቆጠረው የፈጣን ኒውትሮን ብዛት ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲው ማሬክ ዝሬዳና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ የአፈር እርጥበት መለካት እንደሚቻል አሳዩ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በጋራ ማዕከላቸው ይሠሩበታል። መሣሪያው ከመሬት ከፍ ብሎ ይተከላል፤ አፈሩን አይቆፍርም፣ ጨረር አያወጣም፤ የሚመጣውን ብቻ ይቆጥራል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በውስጣቸው ሂሊየም-3 አላቸው፤ ዝግተኛ ኒውትሮን የሚይዝበት ክሮስ ሴክሽን 5,330 ባርን ገደማ ነው።

የሚያየው ርቀት እንደ አየሩና እንደ እርጥበቱ ቢለያይም፣ ከመሣሪያው በየአቅጣጫው 200 ሜትር ያህል ብንወስድ ክቡ 12.6 ሄክታር ይሆናል፤ 50 ጥማድ ገደማ፣ ወይም 1.26 × 10³³ ባርን። ጥልቀቱም አፈሩ ሲደርቅ ይጨምራል፤ በርጥብ አፈር 15 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በደረቅ እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ። አንድ ብረት ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ቱቦ 20 ባርን በሚሆን ስፋት ላይ የሚደረገውን ግጭት እየቆጠረ፣ የ50 ጥማድ መሬት ዛሬ ጠግቧል ወይስ ተጠምቷል የሚለውን በየሰዓቱ ይናገራል።